ነጭ ድመት፣ ሰማያዊ ዐይንና መስማት፦ የዘረ-መል ምርመራ የሚናገረውና የማይናገረው

ጥያቄው ባጭሩ፦ ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንባቢ የሁለት ዓመት ነጭ የቱርክ አንጎራ እንስት ድመት አለቻቸው። አንድ ዐይኗ ሰማያዊ፣ ሌላው የማር ቀለም ነው፤ የዘረ-መል ውጤቷ «ኤን/ደብሊው» ይላል። ሁለቱም ዐይኖቹ ሰማያዊ ከሆኑ ነጭ ወንድ ጋር ሊያዳቅሏት አስበዋል። የወንዱ ባለቤት «ተመርምሯል፣ የመስማት ችግር የለበትም» ብሎ ባሳያቸው ወረቀት ላይ «ደብሊው/ደብሊው» ተጽፏል። ግልገሎቹ ሰማያዊ ዐይን ይኖራቸው እንደሆነ፣ ይሰሙ እንደሆነ፣ ምን ምርመራ እንደሚቀርም ይጠይቃሉ።

መልስ፦

ያሳዩዎት ወረቀት ስለ ወንዱ መስማት አንድም ነገር አይናገርም። ነጭ ድመትን «ይሰማል» ወይም «አይሰማም» ብሎ የሚለይ የዘረ-መል ምርመራ የለም። «ደብሊው/ደብሊው» ማለት ድመቱ የነጭነቱን ዘረ-መል ከእናቱም ከአባቱም ወርሶ ሁለት ቅጂ ይዟል ማለት ብቻ ነው። ይህ ደግሞ የሚያሳስብ እንጂ የሚያጽናና ውጤት አይደለም፤ ሁለት ቅጂ የያዙ ድመቶች አንድ ቅጂ ከያዙት ይልቅ ሰማያዊ ዐይንም ይበዛባቸዋል፣ አለመስማትም ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን አያዳቅሏቸው።

ምክንያቱ የሚጀምረው ኪት ከሚባለው ዘረ-መል ነው። በድመት ቢ1 ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ የቫይረስ ቁራጭ በዚህ ዘረ-መል የመጀመሪያ ኢንትሮን ውስጥ፣ ማለትም ፕሮቲን ለመሥራት ትእዛዝ በማይሰጠው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቁራጩ ሙሉውን ርዝመት ይዞ ከቀረ፣ ማለትም 7 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደል ከሆነ፣ ድመቷ ነጭ ጣል ጣል ያለባት ትሆናለች፤ ቤተ ሙከራዎች ይህንን «ኤስ» ይሉታል። አብዛኛው ወጥቶ የጫፉ ቁራጭ ብቻ ሲቀር ግን ድመቷ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ነጭ ትሆናለች፤ ይህ «ደብሊው» ነው። «ኤን» ምንም ያልገባበት ቅጂ ነው። ሦስቱም የአንድ ቦታ አማራጮች ስለሆኑ አንዲት ድመት ከሁለት በላይ ልትይዝ አትችልም። «ደብሊው» ከሁሉም ስለሚበረታ አንድ ቅጂ ብቻ ያላት ድመትም ሙሉ ነጭ ትሆናለች። ለዚህ ነው ጸጉሯን አይቶ አንድ ይሁን ሁለት ቅጂ መለየት የማይቻለው፤ ምርመራው የሚጠቅመውም በትክክል እዚህ ላይ ነው።

ኪት የሚሠራው ሜላኖሳይት ለሚባሉት ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ፅንሱ ገና ትንሽ ሳለ በጀርባው መስመር በኩል ይፈጠሩና ወደ ቆዳ፣ ወደ ዐይንና ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይጓዛሉ። የኪት ምልክት ከሌለ በመንገድ ያልቃሉ። ቆዳ ላይ ካልደረሱ ጸጉሩ ነጭ ይሆናል። ወደ አይሪስ፣ ማለትም የዐይኑ ቀለም ወዳለበት ክብ ካልደረሱ፣ ዐይኑ ሰማያዊ ይሆናል። ወደ ጆሮ ካልደረሱ ደግሞ ጉዳቱ ከቀለም ያለፈ ነው። በኮክሊያ፣ ማለትም ድምፅ በሚቀበለው የውስጠኛው ጆሮ ጠመዝማዛ ክፍል ግድግዳ ላይ ስትሪያ ቫስኩላሪስ የሚባል ቀጭን ህብረ ሕዋስ አለ፤ በጆሮው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ፖታሲየምና የኤሌክትሪክ ኃይል ጠብቆ የሚያቆየው እሱ ነው፤ ያለ ሜላኖሳይት ደግሞ አይሠራም። ኃይሉ ሲወድቅ ድምፅ ተቀባዮቹ የጸጉር ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ተመልሰውም አይበቅሉም። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ግልገሉ ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ነገሩ አልቋል።

እዚህ ላይ ብዙ አራቢዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ጆሮውን የሚጎዳው የቀለም ማነስ ሳይሆን የሕዋሱ አለመድረስ ነው። ሲያሚስ ድመት ሁለት ሰማያዊ ዐይን አላት፣ ግን ትሰማለች። የእሷ ሰማያዊነት የሚመጣው ታይሮሲኔዝ ከሚባለው ሌላ ዘረ-መል ነው፤ በሙቀት የሚደክም ኢንዛይም ስላላት ሞቃቱ የሰውነቷ ክፍል ነጣ ይላል፣ ቀዝቃዛው ጆሮ፣ እግርና ጅራት ይጠቁራል። ቀለም ቀቢው ሕዋስ ቦታው ላይ ደርሷል፤ የጎደለው ቀለሙ ነው። ስለዚህ «ሰማያዊ ዐይን ያላት ድመት አትሰማም» የሚለው አባባል እንዲሁ ሲነገር ስህተት ነው። ዳርዊን በ1859 ሰማያዊ ዐይን ያላቸው ድመቶች ያለ ልዩነት አይሰሙም ብሎ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሙሉ ነጭ ስለሆኑት ብቻ፣ ያውም «በአብዛኛው» ብሎ አረመው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰማያዊው ከየትኛው ዘረ-መል መጣ የሚለው ነው።

በእርስዎ ድመትና በዚያ ወንድ ግን ጥርጥር የለም፤ ሰማያዊው የመጣው ከ«ደብሊው» ነው። በነጭ ድመቶች ላይ በሰፊው የሚጠቀሰው ግምት እንዲህ ነው፦ ሰማያዊ ዐይን ከሌላቸው ነጮች ከ17 እስከ 22 ከመቶው አይሰሙም፤ አንድ ሰማያዊ ዐይን ካላቸው 40 ከመቶ ያህሉ፤ ሁለት ሰማያዊ ዐይን ካላቸው ከ65 እስከ 85 ከመቶው። በደንብ ተመርጠው በሚራቡ ድመቶች ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። በእንግሊዝ 132 የዘር ሐረግ ያላቸው ነጭ ግልገሎች ተመርምረው በ2019 በወጣው ጥናት ችግሩ የተገኘባቸው 30 ከመቶ ነበሩ። ከእነዚህም ግማሽ የሚጠጉት የማይሰሙት በአንድ ጆሮ ብቻ ነበር። ይህንን የመጨረሻውን ቁጥር ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጥንዶቹ። እሷ ኤን/ደብሊው፣ እሱ ደብሊው/ደብሊው ከሆኑ ግልገሎቹ በሙሉ ነጭ ይሆናሉ፤ ግማሾቹ ሁለት ቅጂ፣ ግማሾቹ አንድ ቅጂ ይዘው ይወለዳሉ ተብሎ ይጠበቃል። ሰማያዊ ዐይን በብዛት እንደሚኖር አልጠራጠርም፣ ከእሱ ጋር ግን የማይሰሙ ግልገሎችም ይመጣሉ። ስንቱ ብለው ቢጠይቁኝ ቁጥር አልሰጥዎትም። «ደብሊው» ራሱ አንድ ዘረ-መል ቢሆንም ጆሮ ይጎዳል ወይስ ይተርፋል የሚለውን የሚወስኑት ሌሎች ብዙ ዘረ-መሎችና በፅንሱ ውስጥ የሕዋሳቱ የጉዞ ዕድል ናቸው። በአንድ እናት ማህፀን ያደጉ፣ ውጤታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ግልገሎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ሲሰማ ሌላው ምንም ላይሰማ ይችላል። በአንድ ድመት ላይ እንኳ ቀኝና ግራው ይለያያል፤ የእርስዎ ድመት ዐይኖች የዚህ ማስረጃ ናቸው። አንድ ዐይናቸው ብቻ ሰማያዊ የሆነና በአንድ ጆሮ የማይሰሙ ድመቶች የማይሰማው ጆሯቸው አብዛኛውን ጊዜ በሰማያዊው ዐይን በኩል ያለው ነው።

ከዚህ የተነሳ ለእርስዎ ድመት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ሌላ የዘረ-መል ምርመራ ሳይሆን የመስማት ምርመራ ነው። ስሙ ቤር ይባላል፤ ድምፅ ሲሰማ ከጆሮ ነርቭና ከአንጎል ግንድ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ይለካል። «በደንብ ትሰማለች፣ የምግብ ቆርቆሮ ስከፍት ትመጣለች» ብለው ጽፈዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ የምትሰማ ድመትም ትመጣለች። ማጨብጨብ፣ ቁልፍ ማንኳኳት፣ ከኋላ መጥራት በሁለት ጆሮ የምትሰማውን በአንድ ከምትሰማው አይለይም፤ ምንም የማትሰማ ድመት እንኳ የወለሉን ንዝረትና የአየሩን እንቅስቃሴ ተከትላ ዘወር ትላለች። በዘር ረገድ ደግሞ በአንድ ጆሮ የማትሰማ ድመት ጨርሶ ከማትሰማው ብዙም አትለይም፤ ያው ችግር ነው የያዘችው፣ ግማሹ ላይ ቆሞ እንጂ። ከላይ ይያዙልኝ ያልኩት ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ለዚህ ነው፤ ቤት ውስጥ በማጨብጨብና በመጥራት ብቻ ፈትኖ የሚያራባ ሰው ከችግረኞቹ ግማሽ የሚያህሉትን ጤነኛ ብሎ ያራባል።

ምርመራው እንዲህ ይደረጋል። የእንስሳት ነርቭ ሐኪም ወይም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሆስፒታል ጋር ቀጠሮ ይያዛል። በቅድሚያ ጆሮዋ በኦቶስኮፕ፣ ማለትም ብርሃን ባለው የጆሮ መመልከቻ ይታያል፤ ሰም፣ የጆሮ ቅማል ወይም ኢንፌክሽን ካለ ድምፁ ወደ ውስጥ ስለማይደርስ ጤነኛ ጆሮ የማይሰማ ሊመስል ይችላል። ጆሮው መጀመሪያ ይታከምና ምርመራው ለሌላ ቀን ይቀጠራል። አዋቂ ድመት ጸጥ ብላ ስለማትቀመጥ ቀላል ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ ማደንዘዣው ውጤቱን አያበላሽም፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መጾም እንዳለባት ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ከዚያ ሦስት የጸጉር ያህል የቀጠኑ የመርፌ ኤሌክትሮዶች ከቆዳ ሥር ይገባሉ፦ አንዱ አናቷ ላይ፣ አንዱ በሚመረመረው ጆሮ ሥር፣ ሦስተኛው በሌላው ጆሮ ሥር ወይም አንገቷ ላይ። በጆሮ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ማዳመጫ ብዙ መቶ አጭር የጠቅታ ድምፆች ይላካሉ፤ ኮምፒውተሩም ከእያንዳንዱ ጠቅታ በኋላ ያለውን 10 ሚሊ ሰከንድ እየደመረ አማካዩን ያወጣል። የሚሰማ ጆሮ ተከታታይ ማዕበሎች ያሳያል፤ የማይሰማው ጆሮ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። አንዱ ጆሮ ሲመረመር ሌላው ጆሮ ውስጥ የሹክሹክታ ዓይነት ድምፅ መለቀቅ አለበት፤ ካልተለቀቀ ጠንካራው ጠቅታ በራስ ቅል በኩል ተሻግሮ ጤነኛው ጆሮ ይሰማውና የማይሰማው ጆሮ የሚሰማ መስሎ ይመዘገባል። ይህን መሸፈኛ ድምፅ ተጠቅመው እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው። በመጨረሻ የሁለቱ ጆሮዎች መስመር ለየብቻ የታተመበት፣ የድመቷ የማይክሮቺፕ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይቀበሉ።

ለግልገሎች ትክክለኛው ዕድሜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። ከአምስተኛው ሳምንት በፊት የተደረገ ምርመራ አያስተማምንም፤ የጆሮው ጉድጓድ የሚከፈተው ከተወለዱ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ በመጨረሻ የሚደነቁር ጆሮም በመጀመሪያ ቀናት ጥቂት ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። በ6 ሳምንት በሁለቱም ጆሮ የሰማ ግልገል ከነጭነቱ የተነሳ ቆይቶ ይደነቁራል ተብሎ አይፈራም፤ ምርመራው አንድ ጊዜ ከተደረገ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። የዐይናቸውን ቀለም ግን በዚያ ዕድሜ አይመኑ። ሁሉም ግልገል ሲወለድ ዐይኑ ሰማያዊ ነው፤ የራሱ ቀለም መታየት የሚጀምረው ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ሲሆን እየጠራ የሚሄደው በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ነው። «ሰማያዊ ዐይን» ተብሎ በስምንት ሳምንቱ የተሸጠ ግልገል አረንጓዴ ዐይን ይዞ ሊያድግ ይችላል።

ወንዱን በተመለከተ ሌላም ነገር ያረጋግጡ። በዘረ-መል ወረቀቱ ላይ የማይክሮቺፕ ቁጥር አለ? ናሙናውን የወሰደው ሐኪም ነው ወይስ ባለቤቱ? ቁጥሩ ከሌለ ያ ወረቀት የየትኛውም ነጭ ድመት ሊሆን ይችላል። እርስዎም ለድመትዎ ሌላ ምርመራ፣ ለምሳሌ በነጩ ሥር የተደበቀውን ቀለም ለማወቅ ሲፈልጉ፣ ናሙናውን በጥንቃቄ ይውሰዱ። ምግብ ከበላች በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ የናሙና መውሰጃውን ትንሽ ብሩሽ በጉንጯና በድዷ መካከል አስገብተው ለ10 ሰከንድ ያህል እያሽከረከሩ ይጥረጉ፤ በሁለተኛው ብሩሽ በሌላው ጉንጭ ይድገሙት። በአየር ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅና በወረቀት ፖስታ ይላክ። በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ እርጥብ ብሩሽ ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቅላል፣ ዲኤንኤውም ይፈርሳል። በጣም የሚያሳስተው የሚጠባ ግልገል ነው፤ አፉ ውስጥ የእናቱ ሕዋሳት ስለሚቀሩ ኤን/ኤን የሆነው ግልገል ኤን/ደብሊው ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ከእናቱ ለጥቂት ሰዓታት ለይተው አፉን በንጹሕ ውኃ አጥበው ይውሰዱ፣ ወይም ጡት እስኪተው ይጠብቁ። ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የእንስሳት ዘረ-መል ቤተ ሙከራ «ኤስ»ንም «ደብሊው»ንም በአንድ ምርመራ ያያል፤ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሰዎችም በፖስታ ይልኩለታል።

ነጭ ግልገል ሲወለድ አናቱ ላይ ትንሽ የቀለም ጠብታ ቢኖረው ደስ የሚል ምልክት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ እንደያዘ ይጠቁማል፣ የተደበቀውን ቀለምም ያሳያል፤ እያደገ ሲሄድ ይጠፋል። አንዳንድ አራቢዎች «ጠብታ ያለው ይሰማል» ይላሉ። ዝንባሌው ሊኖር ይችላል፤ የቤር ምርመራን ግን አይተካም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ድመትዎ በሁለቱም ጆሮዋ እንደምትሰማ በቤር ከተረጋገጠ፣ ነጭ ላልሆነ፣ ኤን/ኤን ለሆነ አንጎራ ወንድ ያዳቅሏት። ግማሾቹ ግልገሎች ነጭ፣ ግማሾቹ ባለቀለም ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ሁለት ቅጂ የያዘ አንድም አይወለድም። ነጮቹን በሙሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ አስመርምሩ፤ ከእነሱም ለወደፊት እርባታ የሚቀሩት በሁለቱም ጆሮ የሚሰሙት፣ ቢቻል ደግሞ ዐይናቸው የማር ወይም አረንጓዴ የሆነው ይሁኑ። ድመትዎ በአንድ ጆሮም ቢሆን የማትሰማ ሆና ከተገኘች ግን አታራቧት፤ ታምክን፣ እንደ ቤት ድመት ትኑር። ይህ ከባድ ውሳኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዓመታት የጠበቁት ውብ ድመት ናት። ነገር ግን ከሷ የሚወለዱት ግልገሎች የሚሄዱት እነሱን መንከባከብ ወደማያውቅ ሰው ቤት ሊሆን ይችላል።

ባለቀለም አንጎራ ማግኘት አሁን አስቸጋሪ አይደለም። አንጎራዎች በ1962 ከአንካራ መካነ አራዊት ወደ አሜሪካ መጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ነጮች ነበሩ፣ ሲኤፍኤ የሚባለው የአሜሪካ የድመት ወዳጆች ማኅበርም እስከ 1978 ድረስ ነጩን ብቻ ይቀበል ነበር። ዝርያው ነጭ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ጥቁር፣ ግራጫና ብርማ አንጎራ ግን ንጹሕ አንጎራ ነው፤ ከነጭ ጋር መገናኘቱ ዝርያውን አያዳክምም፣ ይልቁንም ይጠብቀዋል። በአውሮፓ ፊፌ የሚባለው የድመት ማኅበራት ፌዴሬሽን ደንብ ነጭ ድመት ከመራባቱ በፊት የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ያስገድዳል። በጀርመን ደግሞ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 11ለ ሥቃይ የሚያወርስ እርባታን ስለሚከለክል፣ እዚያ ያሉ አንባቢዎች ነጭ ድመት ለማራባት ከማሰባቸው በፊት የአካባቢያቸውን የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ይጠይቁ።

ሰማያዊ ዐይን የግድ ከፈለጉ ሰማያዊው ከታይሮሲኔዝ የመጣበትን ዝርያ ይምረጡ፦ ሲያሚስ፣ ቢርማን፣ ራግዶል። ነጭም ሰማያዊ ዐይንም አብረው እንዲኖሩ ለሚፈልግ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ ከሲያሚስ የተራባው ፎሪን ኋይት አለ። እሱም «ደብሊው» ይዟል፣ ነገር ግን ከነጩ ሥር የሲያሚስ ዘረ-መል ሁለት ቅጂ ስላለው ዐይኑ ሰማያዊ የሚሆነው ሜላኖሳይት ባይጎድልም ነው፤ ነጭን ከነጭ ማዳቀልም በእሱ ዘንድ የተተወ ነገር ነው። ይህን በአንጎራ ላይ ልሞክር ቢሉ ግን አይሆንም፤ ሲኤፍኤ የሲያሚስ ቀለም ያለውን አንጎራ እንደ ድቅል ቆጥሮ ከውድድር ያስወጣዋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጸጉራቸው ነጭ ያልሆነ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆነው ሰማያዊ ዐይን ያላቸው ድመቶች በውድ እየተሸጡ ነው። በአንዳንዶቹ የዘር መስመሮች ምክንያቱ ፓክስ 3 በሚባለው ዘረ-መል ላይ ያለ ለውጥ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሰው ላይ ይኸው ዘረ-መል ሲጎዳ ዋርደንበርግ የሚባለውን፣ የዐይን ቀለምንና መስማትን አብሮ የሚነካ ሕመም ያመጣል። በእነዚህ ድመቶችም ላይ አለመስማት ታይቷል። መስመሮቹ የያዙት ለውጥ የተለያየ ስለሆነ በአንዱ ምርመራ «ነጻ» የተባለ ድመት የሌላውን ሊይዝ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው የቤር ወረቀት ሳያይ ገንዘቡን አይስጥ፤ ሁለቱን እርስ በርስ ማዳቀል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ከግልገሎቹ አንዱ የማይሰማ ሆኖ ቢገኝ የሚገደልበት ምክንያት የለም። ከቤት ሳይወጣ፣ በመብራት ብልጭታና በእጅ ምልክት እየተጠራ፣ ከኋላው በድንገት ሳይነካ ጥሩ ሕይወት ይኖራል። ለሚወስደው ሰው ግን የቤር ወረቀቱን አብረው ይስጡ፣ ከማስረከብዎ በፊትም ያምክኑት። ነጭ ድመት የሚሰማም ይሁን የማይሰማ፣ ጸሐይ የሚበረታበት አገር፣ አዲስ አበባም ሆነ ባሕረ ሰላጤው፣ ከተወሰደ የጆሮው ጫፍና አፍንጫው ለቆዳ ካንሰር የተጋለጠ ነው፤ በእኩለ ቀን ጸሐይ ላይ ከመተኛት ይከልክሉት፣ በጆሮው ጫፍ ላይ የማይድን ቅርፊት ካዩም ሐኪም ጋር ይውሰዱት።